ልጄ መሃል ከተማ፣ እኔ ኮዬ ፈጬ፦ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ጡት ስለማስያዝ ያቀረብኩት ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሴት ልጄ በ31ኛው ሳምንት፣ 1,400 ግራም ሆና ተወልዳ፣ መሃል ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ማሞቂያ ውስጥ ተኝታለች። እኔ ግን ለእናቶች አልጋ የለም ስለተባለ ወደ ቤቴ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ተመልሼ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ገና መጥባት ስለማትችል ወተቱ በቀጭን ቱቦ በየሦስት ሰዓቱ ይሰጣታል፤ አልቤ የማቀርበውም እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጡቴ ግጥም ብሎ ሞልቶ ነበር። አሁን ግን ሁለቱንም አልቤ የማገኘው የቡና ሲኒ ግማሽ አይደርስም። አማቴ፣ ልጅቷ ያለ ቀኗ ስለመጣች ወተቱም ገና ነው፣ ዘጠነኛው ወር ሲሞላ በራሱ ይመጣል ይላሉ። ጎረቤቶቼ ደግሞ የቆርቆሮ ወተት ገዝቼ እንድገላገል ይመክሩኛል። የእኔ እምነት ከሁለቱም ይለያል፤ ወተቴን እያደረቀው ያለው ሰውነቴ ሳይሆን መንገዱ ነው እላለሁ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጡቴ ሞልቶ ሲያመኝ የማልብበት ቦታ የለኝም፤ ቤት ስደርስ ደግሞ ልጄ በሌለችበት የማልበው ወተት አልወርድ ይለኛል። እንደ እኔ ከከተማው ዳር እየተመላለሳችሁ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ጡት ያስያዛችሁ እናቶች እንዴት እንደቻላችሁት ንገሩኝ።

መልሶቹ ብዙ ስለሆኑና የተደጋገሙም ስላሉባቸው፣ በኋላ ለሚመጡ እናቶች እንዲመች በተራ ቁጥራቸው አጠቃልዬ አስቀምጣቸዋለሁ። የማልስማማበትንም አላወጣሁትም፤ አለመስማማቴን ግን በቦታው እገልጻለሁ።

መልስ 1

ከቱሉ ዲምቱ የጻፈች የመንታ እናት ናት። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላኝ ከጀመረች በኋላ በቀጥታ ወደ አማቴ ሐሳብ ገብታ፣ በአክብሮት ግን በግልጽ፣ ትክክል አለመሆኑን አስረዳች። ወተት የሚመጣው የሕፃኑ ቀን ስለሞላ ሳይሆን እንግዴ ልጁ ከማኅፀን በመውጣቱ ምክንያት እንደሆነ፣ ጡትም ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ለዚህ ሥራ ተዘጋጅቶ እንደሚቆይ ጻፈች። የእሷ ልጆች በ32ኛው ሳምንት የተወለዱ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቀን ወተቷ ጥቂት ጠብታ ብቻ ስለነበረ አንዲት ነርስ ከጡቷ ጫፍ ላይ መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየለቀመች ለሁለቱም አካፍላላታለች። ዋናው ምክሯ ጡት የሚሠራው በወጣለት ልክ ስለሆነ በቀንና በሌሊት ከ8 ጊዜ ባላነሰ መታለብ እንዳለበት ነው። በተለይ የሌሊቱን እንዳልዘለው አጥብቃ አሳሰበችኝ፤ ወተት የሚያሠራው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ስለሚል፣ እሷም የሌሊቱን እንቅልፍ መርጣ በነበረበት ሰሞን ወተቷ መቀነሱን በዓይኗ አይታለች።

መልስ 2

ልጆችና የልጅ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው፤ አጻጻፋቸውም የታላቅ እናት ነው። በእሳቸው ዘመን የሰባት ወር ልጅ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ ለጋ ቅቤ እየላሰ እንዳደገ ነገሩን። እንገሩ ለሕፃን ሆድ ስለሚከብድ ታልቦ መደፋት እንዳለበት፣ ነጩ ወተት እስኪመጣም የስኳር ውሃ እንደሚበቃ ጨመሩ። ጽሑፋቸው ከፍቅር የመጣ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም፤ የጥጡም ነገር ቢሆን ትልቅ እውቀት ነበረበት፤ ትንሽ ሕፃን ከበረደው የጠጣውን ሁሉ ሰውነቱን ለማሞቅ ስለሚያውለው አያድግም። ስለ ቅቤውና ስለ እንገሩ ግን ቀጣዩ መልስ የሚለውን እናንብብ።

መልስ 3

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ሲስተር ናት፤ የት እንደምትሠራ ለመናገር አልፈለገችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። ከክሩ (ከዚህ ተከታታይ ውይይት) መልሶች ሁሉ ረጅሙና እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህ ነው። በመጀመሪያ እናታችንን አመስግና፣ እንገር ሊደፋ የማይገባው ውድ ነገር መሆኑን አስረዳች። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከእናቱ ደም ሊወርሰው የሚገባውን በሽታ የመከላከል አቅም ሳይጨርስ ስለሚወጣ፣ ከማንም በላይ እንገር የሚያስፈልገው እሱ ነው። መጥባትም ሆነ መዋጥ ለማይችለው ሕፃን እንኳ እሷ በምትሠራበት ክፍል ጠብታ እንገር በጉንጩ ውስጥ ይቀባለታል። አንጀትን የሚያቆስል፣ አልፎም የሚገድል ሕመም እንደነዚህ ባሉ ሕፃናት ላይ ይበረታል፤ የእናት ወተት ይህን አደጋ በጉልህ ይቀንሰዋል። ቅቤና የስኳር ውሃ ደግሞ ገና ያልጠነከረውን አንጀት ለጀርም ይከፍቱታል። ያለጊዜዋ የወለደች እናት ወተት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀኗ ሞልቶ ከወለደች እናት ወተት የበለጠ ፕሮቲን ያለው መሆኑንም ጨመረችልኝ። ይህንን ሳነብ ስለ ራሴ ሰውነት ለመጀመሪያ ጊዜ መልካም ነገር የሰማሁ መሰለኝ።

ከዚያም ቱቦው ለምን እንደሚያስፈልግ አብራራች። ሕፃን ጡት ለመጥባት መሳብ፣ መዋጥና መተንፈስን በተራ ማቀናጀት አለበት፤ ይህ ቅንጅት የሚመጣው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ወተቱ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ በቱቦ ይሰጣል፤ ቀጥሎ በትንሽ ኩባያ ይሞከራል፤ ጡቱም ጎን ለጎን ይለመዳል። እዚህ ላይ ማንም ያልነገረኝን ነገር ነገረችኝ። ጡቴን አልቤ ካጎደልኩ በኋላ፣ ገና በቱቦ እየተመገበች ሳለ፣ አፏን ጡቴ ጫፍ ላይ ማኖር እንደሚቻል ጻፈች። ትልሰዋለች፣ ታሸተዋለች፣ አንዳንዴም አንድ ሁለቴ ስባ እንቅልፍ ይወስዳታል። ወተት ባታገኝበትም አፏ ይለምዳል፤ የእኔም ጡት ይነቃቃል። የምግቧን ሰዓት ጠብቄ፣ ወተቱ በቱቦው ሲወርድላት ጡቱ ላይ ብትሆን ደግሞ ጥጋብንና ጡትን አንድ ላይ ታውቃለች። ይህን ለማድረግ ግን የክፍሉን ባለሙያ ማስፈቀድ እንዳለብኝ አስጠነቀቀች፤ ሕፃኗ አተነፋፈሷ ያልተረጋጋ ከሆነ ይዘገያልና።

መልስ 4

ይህ የአባት መልስ ነው፤ ከዚሁ ከኮዬ። ሚስቱ በኦፕራሲዮን ወልዳ ደረጃ መውጣትና መውረድ ስላልቻለች፣ ወተቱን ወደ ሆስፒታል የሚያመላልሰው እሱ ነበር። ከዋዜማው ውሃ የሞላበትን ሃይላንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቶ በረዶ ያደርገዋል፤ ወተቱ በተቀቀለ ትንሽ ክዳን ያለው ብርጭቆ ይደረጋል፤ ብርጭቆውና በረዶው በፎጣ ተጠቅልለው ምሳ ዕቃ በሚያዝበት ቦርሳ ይገባሉ። በብርጭቆው ላይ ፕላስተር ለጥፎ የልጁን ስም፣ የታለበበትን ቀንና ሰዓት ይጽፋል። ማለዳ ከቃሊቲ ወዲያ መንገዱ ሲዘጋ ሰዓቱን እያየ ይጨነቅ ስለነበረ፣ ያለ በረዶ የሚያዝ ወተት ከ4 ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለበት ነግሮናል። አንድ ጊዜ በሩ ላይ የመጠየቂያ ሰዓት አይደለም ተብሎ እስከ ቀትር ውጭ መቆሙን፣ የያዘው ወተትም መደፋቱን ጽፏል። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ እኔም አልጠይቀውም። የሚስቱን ልፋት ያየ ሰው ያንን ወተት እንዴት እንደደፋው ግን መገመት አያዳግትም።

መልስ 5፣ 6 እና 7

ውይይቱ እዚህ ላይ ከረረ። አምስተኛው መልስ ሰጪ፣ እውነተኛ እናት ልጇን ጥላ ቤቷ አትገባም፣ ኮሪደር ላይም ቢሆን ታድራለች ሲል ጻፈ። ስድስተኛዋ ወዲያው መለሰችለት፤ ስፌቷ ያልደረቀ፣ ደሟ ያልቆመ አራስ ሴሚንቶ ላይ እንድትተኛ የሚመክር ሰው ራሱ አንድ ሌሊት ሞክሮ ይምጣና ይንገረን አለችው። እሷ ኮሪደር ላይ አድራ ታውቃለች፤ ያተረፈችው ትኩሳትና የቆሰለ ጡት መሆኑን ገለጸች። ሰባተኛው ሁለቱንም ለማብረድ ሞክሮ፣ ጥፋቱ የእናቶቹ ሳይሆን ለሕፃኑ ማሞቂያ ተገዝቶ ለእናቱ ፍራሽ ያልታሰበበት አሠራር ነው አለ። እኔም ከሰባተኛው ጋር ነኝ። የመልስ 5 ጸሐፊ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 8

ከቦሌ አራብሳ የጻፈች እናት ስለ ካንጋሮ ክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስሮ ስለማቆየት፣ ያነሳችው እዚህ ላይ ነው፤ የክሩንም አቅጣጫ የለወጠችው እሷ ናት። ልጇ 1,600 ግራም ነበር። የተኛበት ሆስፒታል ለእናቶች አልጋ ያለበት የካንጋሮ ክፍል ስላለው ከልጇ ሳትለይ ቆይታለች። አስተሣሠሩን ደረጃ በደረጃ ጽፋልናለች። ሕፃኑ ከዳይፐር፣ ከቆብና ከካልሲ በቀር ምንም ሳይለብስ በሁለቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ደረቱ በደረቷ ላይ ያርፋል፤ ራሱ ወደ ጎን ዞሮ አገጩ ትንሽ ቀና ይላል፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት እግር ይታጠፋሉ፤ ከዚያ እስከ ጆሮው ሥር በጨርቅ ይታሠራል፤ በላዩም ልብሷንና ጋቢዋን ትደርባለች። ልጁ በደረቷ ላይ ባለበት ሰዓት ወተቷ ሳይነካ ይንጠባጠብ ስለነበረ ጨርቁን ደጋግማ ትለውጣለች። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ልጁ ራሱን እያንቀሳቀሰ ወደ ጡቱ መሄድ ጀመረ፤ ማንም ሳይገፋው።

መልስ 9

የሕፃናት ሕክምና እየተማረ ያለ ሐኪም ነው። ካንጋሮን ማሞቂያ ለጎደለበት አገር የተፈጠረ መተኪያ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ስላሉ፣ ይህን ማረም ፈለገ። አሠራሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ በዶክተር ኤድጋር ሬይ አማካይነት፣ በርግጥም በማሞቂያ እጥረት ምክንያት ነበር። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረውና በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ከተወለደ ጀምሮ በእናቱ ደረት ላይ ቢሆን ሞት በሩብ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ድርጅቱም በ2022 ባወጣው መመሪያ ክብካቤው በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ መክሯል። ይህን ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልገን ጨመረ፤ ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ሥራ፣ ቀደም ብሎ የተጀመረ የካንጋሮ ክብካቤ የብዙ ትናንሽ ሕፃናትን ሕይወት እንደሚያተርፍ አመልክቶ ነበር።

የእኔ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ወተቱን የሚያመጣው ቅርበቱ ከሆነ፣ እናትን ከልጇ አርቆ ወተት አምጪ ማለት እርስ በርሱ የሚጋጭ ትእዛዝ ነው። ይህንን በመልስ 10 ላይ ጻፍኩ።

ከመልስ 11 እስከ 14

ነገሩ ወደ አራስነት ሥርዓት ዞረ። አንዲት እናት፣ ምች ሳይመታሽ በፀሐይ መመላለስ አቁሚ ብለው መከሩኝ፤ ሌላዋ ጤና አዳም መቋጠርና ራስን በነጠላ መሸፈን እንደሚበቃ ጻፈች። አንዱ ደግሞ ያለጊዜዋ ለተወለደች ልጅ 80 ቀኑ የሚቆጠረው ከየት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ካህን ወንድም ያላት እህት ከተወለደችበት ቀን እንደሆነ፣ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካለም ቀኑ ሳይጠበቅ ልትጠመቅ እንደምትችል አስረዳችው። ርዕሱን የሳቱ ቢመስሉም አንድ ቁም ነገር አለባቸው። አገሬው አራስ ከቤት አትውጣ የሚለው እንድታርፍና ልጇን ታቅፋ እንድትቆይ ነው፤ ልጇ ሆስፒታል ያለች አራስ ግን ከሁለቱም አንዱን አታገኝም። ጠያቂ መጥቶ ገንፎ ሲቀርብ፣ ሕፃኗ የት ናት ሲባል የሚሰማውን ስሜት ያየችው ታውቀዋለች።

መልስ 15

ወተት ስለሚያበዙ ምግቦች የተሰጠ ረጅም ዝርዝር ነው፤ አጥሚቱ፣ አብሹ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ጠላው ሳይቀር። ሲስተሯ በመልስ 16 ተመልሳ፣ እናት በደንብ መብላትና መጠጣት እንዳለባት፣ አጥሚትም ለአቅሟ መልካም መሆኑን ተቀብላ፣ ጠላውን ግን እንድንተወው ጠየቀች፤ አልኮል በወተት በኩል ወደ ሕፃኑ ይደርሳልና። የትኛውም ምግብ ቢሆን ያልታለበ ጡትን ወተት ሊያሠራው እንደማይችል ደግማ አስረዳች። የቀነሰ ወተትም ደጋግሞ በማለብና ሕፃኑን በደረት ላይ በማቆየት ሊመለስ እንደሚችል ጻፈችልኝ።

መልስ 17

ከመልስ 1 የመንታ እናት በድጋሚ። በእጅ ማለብን ያልተማሩ ብዙዎች እንደሆኑ ስላስተዋለች ሥራውን በዝርዝር አስቀመጠችው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጡቱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይደረጋል፤ ጡቱ ከላይ ወደ ጫፉ በቀስታ ይታሻል። ከዚያ አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች ሆነው፣ በጫፉ ላይ ሳይሆን ከጠቆረው ክብ ኋላ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ይገፋል፤ ቀጥሎ ጣቶቹ እርስ በርስ ይጨመቃሉ፤ ከዚያ ይለቀቃል። ጣት በቆዳው ላይ ከተንሸራተተ ቆዳው ይላላጣል። ወተቱ ሲቀንስ ወደ ሌላው ጡት ይዞራል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። የመጨረሻው ወተት ቅባት የበዛበት ስለሆነ ሳይጨርሱ ማቆም ለትንሽ ሕፃን ጉዳት ነው። የልጁን ፎቶ ወይም የተጠቀለለበትን ጨርቅ አጠገብ ማድረግ ወተቱን እንደሚያወርደው ጽፋ፣ እኔም ሞክሬው እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ፎቅ ላይ ብርጭቆ መቀቀል እንዴት ይቻላል ለሚለው ጥያቄም የሷ መልስ ተግባራዊ ነበር። ለወተት ዕቃ ብቻ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለብቻው ይያዛል፤ ዕቃው በሳሙና ታጥቦ በአንዲት ትንሽ ድስት ይቀቀላል፤ ለሌላ ሥራም አይውልም። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ማለቢያ የሚያሳፍር ስለሆነ እጅን መልመድ ዋስትና ነው ብላለች።

መልስ 18 እና 19

ልጇን በቆርቆሮ ወተት ያሳደገች እናት ምሬቷን ጻፈች። ወተቷ ጨርሶ በጠፋበት ጊዜ ያላት ምርጫ እሱ ብቻ እንደነበረ፣ እንደዚህ ያሉ ውይይቶችን ባነበበች ቁጥር ግን እንደ ክፉ እናት እንደሚሰማት ነገረችን። ሐኪሙ በመልስ 19፣ ቅደም ተከተሉን በተረጋጋ ቋንቋ አስቀመጠ፤ የራስ እናት ወተት ቀዳሚ ነው፤ እሱ ካልተገኘ ተመርምሮና በሙቀት ታክሞ ከሌሎች እናቶች የሚሰጥ ወተት፤ እሱም ከሌለ በሐኪም ትእዛዝ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የተዘጋጀ ፎርሙላ። ስለዚህ ተቸግራ የሰጠችው እናት ልትወቀስ አይገባትም፤ የሚወቀሰው ወተቷን ለማቆየት ሳትረዳ ወደ ፋርማሲ የላካት ነው። እሷም አመስግናው ወጣች። እኔ ግን ጎረቤቶቼ እንደሚሉት ገዝቶ መገላገል የሚባል ነገር አለመኖሩን ከሷ ጽሑፍ ተረዳሁ፤ ዋጋውም፣ ንጹሕ ውሃውም፣ የጡጦው ቅቅልም ሌላ ሸክም ነው።

መልስ 20 እና 21

አንዲት ደግ ሴት የራሷ ልጅ ትንሽ ስለሆነ ወተቷን አልባ ልትልክልኝ ፈቃደኛ መሆኗን ጻፈች። ሲስተሯ፣ በወተት የሚተላለፉ በሽታዎች ስላሉ ሳይመረመር እንዳልቀበል መከረችኝ። ስሟን ያልገለጸች ሌላ እናት ይህን ተከትላ፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ያለባት እናት ብታጠባ ምን ይሆናል ስትል ጠየቀች። መልሱ፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች፣ ለሕፃኑም የታዘዘው መድኃኒት እየተሰጠው፣ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ የሚመከር መሆኑ ነው፤ ዋናው ከሕክምና ክትትሏ አለመጥፋቷ ነው። ለጥያቄው ማንም ክፉ ቃል አልጻፈም፤ ይህንን ልጽፈው ወደድኩ።

መልስ 22

ልጁ ያረፈባት እናት ናት። በ27ኛው ሳምንት ተወልዶ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ነበር። ለእሱ ብላ ያለበችው ወተት ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ፣ እሱ ከሄደ በኋላም ጡቷ መሙላቱን እንዳልተወ፣ ሰው ሁሉ ስለ ቀብሩ ሲያስብ ስለ ጡቷ የጠየቃት አንድም ሰው እንዳልነበረ ጻፈች። የሚቀጥሉት መልሶች ሁሉ ለእሷ የተጻፉ ናቸው፤ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ የሚሉ። ሲስተሯ ሐዘኗን ከገለጸች በኋላ ለሌሎችም የሚጠቅም ነገር ነገረቻት። በድንገት ማቆምና ጡትን አጥብቆ ማሠር ያሳብጣል፣ ወደ መግል መያዝም ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ሲወጥር ውጥረቱን ለማላላት ያህል ብቻ ትንሽ ታልቦ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ እየታገሡ፣ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ማድረግ ይሻላል፤ ትኩሳት ወይም መቅላት ከመጣም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ሆስፒታሎች ልጁ ያረፈባትን እናት ሲያሰናብቱ ይህንን ሊነግሯት ይገባ ነበር። እሷ ባትጽፈው ኖሮ እኔም አላስበውም ነበር።

ከመልስ 28 እስከ 30

ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። የአራብሳዋ እናት፣ ትንሽ ሕፃን እርቦት እንኳ ስለማያለቅስ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ መቀስቀስ እንዳለበት ነገረችን። ጡት ላይ ቶሎ ስለሚደክም፣ ጡቱን ከሥር በመዳፍ ይዞ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አገጩንና ጉንጩን መደገፍ አፉ እንዳይላቀቅ ይረዳዋል፤ መሳቡን ሲያቆም ጡቱን በቀስታ መጭመቅ ወተቱን ያደርስለታል። ከዚያ የቀረውን አልቦ በኩባያ መጨመር ነው። አንዱ ጡጦ አይቀልም ወይ ሲል ተከራከረ፤ ሲስተሯ ኩባያ በቀላሉ እንደሚታጠብና ልጁ ጡቱን ትቶ የጡጦውን አሳሳብ እንዳይለምድ እንደሚረዳ መለሰችለት። ጡቱ ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም የሚለውን ደግሞ የሚፈርደው ሚዛን ነው፤ በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ በየሳምንቱ ማስመዘን፣ ሐኪም ያዘዘውን የብረት ጠብታም አለመርሳት።

ከመልስ 31 እስከ 35

ሰባተኛው ተመልሶ፣ በንግግር ብቻ እንዳይቀር ብሎ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለበት ሆስፒታል ሁሉ ለእናቶች ማደሪያና ማለቢያ ክፍል እንዲኖር የሚጠይቅ ደብዳቤ። አንዱ ሆስፒታሎቹ ለታማሚው እንኳ አልጋ አጥተዋል ብሎ ክፉኛ ተቃወመ። የመልስ 4 አባት መለሰለት፤ በካንጋሮ ክፍል የምትተኛ እናት ለልጇ ማሞቂያም፣ አስታማሚም፣ ምግብም ስለሆነች የምትይዘው አልጋ የሚያተርፍ እንጂ የሚያከስር አይደለም። ደብዳቤው ተረቅቋል፤ የተመላለሳችሁ እናቶችና አባቶች የምትኖሩበትን አካባቢና ያጋጠማችሁን ጨምሩበት፤ የሆስፒታልም ሆነ የሰው ስም ግን አትጥቀሱ።

የእኔን ለጠየቃችሁኝ፣ ባለሙያዎቹ ፈቅደውልኝ ልጄን ቀን ቀን ደረቴ ላይ አስሬ እቆያለሁ፤ ታክሲ የምይዘውም ከመውጣቴ በፊት እዚያው አልቤ ነው። ወተቱ ጨምሯል። ቱቦው ገና አልወጣላትም፤ ጡቱን ግን መሳብ ጀምራለች።

መልስ 36

በቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሠራ እናት የመጨረሻውን ጥያቄ አቀረበች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃዷ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው፤ ለባሏ ደግሞ 3 ቀን። ልጇ ከሆስፒታል ሳይወጣ ከ90ው ቀናት አብዛኛው አለቀ፤ ጡት በያዘ ማግስት ወደ ሥራ ልትገባ ነው። ጉዳዩ ሰፊ ስለሆነና ሕግ አዋቂ ስለሚፈልግ ለብቻው አዲስ ክር ከፍቼለታለሁ፤ ሕግ የምታውቁ ወደዚያ እለፉ። በሥራ ሰዓት ስለማለብና ወተቱን ስለማቆየት የምታውቁ እናቶች ግን እዚሁ ከመልስ 37 ቀጥሉላት፤ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።